ሽማግሌ ሆኜ የጠጣሁት ውሃ

ተማሪ ነኝ። ጢሜ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ አብረውኝ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ሰዎች ልጆቻቸውን ለማትሪክ እያስጠኑ፣ እኔ አሁንም ተማሪ ነኝ። የዶክትሬት ተማሪነት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ፤ ዘመድ በየበዓሉ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ይልሃል፣ አንተም በየበዓሉ «ዘንድሮ» ትላለህ። ከዚህ የተረፈው ጊዜ ለጥናት ይውላል።

የእኔ ጥናት ስለ ድርድር ነው። ገበሬና ነጋዴ ዋጋ ሲነጋገሩ ማን ቀድሞ አፉን ይከፍታል፣ ማን ዝም ይላል፣ ዝምታውስ ማንን ይጠቅማል የሚል ነው። ምዕራፍ ሦስትማ እንዳለ ስለ ዝምታ ነው። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ በኋላ ስትፈርዱብኝ እንዲመቻችሁ ብዬ ነው።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲያችን አንድ መመሪያ አወጣ። የዶክትሬት ተማሪዎች ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጋር አብራችሁ ሻግታችኋል፤ ከመመረቃችሁ በፊት ለጥቂት ወራት ከግቢ ወጥታችሁ፣ ምርምር የሚባል ነገር በሌለበት ቦታ እንደ ማንኛውም ሰው ሥሩ ተባልን። መጠይቅ መበተን የለም፣ ሰው እያስቀመጡ መጠየቅ የለም፣ ሥራ ብቻ። ጓደኞቼ ባንክና ኢንሹራንስ ተመደቡ። ለእኔ የደረሰኝ ሸዋ ሮቢት የሚገኝ የማሾ አምራቾች ማኅበር ነበር። ማሾ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፣ እኔም አላውቅም ነበር፤ ከአተር ያነሰ አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው፣ ቆላ ይወዳል።

እኔ ግን ቆላ አልወድም። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ጋቢዬን አጠፍኩ። ደብረ ሲና ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ከዚያ በታች ሹራቤን። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሰው ፊት ሊወልቅ የሚችል ነገር ሁሉ አልቆብኝ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ሳይነሳ ሰው የሚያስነሱ ሽማግሌ ናቸው። በሁለት እጃቸው ጨበጡኝና «መርሐባ፣ እንኳን ደህና መጡ ዶክተር!» አሉኝ።

«ኧረ ሐጂ፣ እኔ ገና ዶክተር አልሆንኩም» አልኳቸው።

ትሕትና መሰላቸው። «ማሻ አላህ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው» ብለው ቢሮው ውስጥ ለነበሩት ሁሉ በምሳሌነት አሳዩኝ። እኔም ሁለተኛ አላረምኳቸውም። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻይ ቤቱ ልጅ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዶክተር ይለኝ ጀመር። ዶክተር ተብዬ የታመመ ፍየል ይዘውብኝ የመጡ መስሏችሁ ከሆነ፣ አዎ መጥተዋል፤ እሱን ተዉትና ወደ ዋናው ጉዳይ እንሂድ።

ሥራ አልነበረም። የዓመቱ ማሾ ተሸጦ አልቆ ነበር የደረስኩት። ቬንቲሌተሩ ሥር ተቀምጬ፣ የማደራድረው ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ የሚመጣ የለም። ብቸኛ ወዳጄ ሰይድ ነበር። ሰይድ የሐጂ እንድሪስ የወንድም ልጅ ነው፤ የማኅበሩን አይሱዙ ይነዳል። ቤት የፈለገልኝ፣ አጎበር የሰቀለልኝ፣ ማታ ማታ ራቴን የሚያበላኝ እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን ምስጢሩን ነገረኝ። ጀውሃ ውስጥ ዘይነብ የምትባል ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። አባቷ ጋሽ ሙሄ ከዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ደግሞ የማንጎ እርሻ አላቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ሽማግሌ ሊላክልኝ ነበር፤ አጎቴ ነገ ዛሬ ሲሉ ማጀቴ ከምትባለው ከተማ የመጣ ሀብታም ቤተሰብ ቀደመን። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቻቸው ጋሽ ሙሄ ቤት ይገባሉ። ከዚያ በፊት የእኛ ጉዳይ ካልተያዘ፣ ወላሂ አልቆልኛል።»

ሰይድ ሲናገር መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ፊቱ ዘርግቶ ነው። አንጀቴን በላው።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ጠሩኝ። ሽማግሌ ተመርጧል፤ እሳቸው ራሳቸው፣ የሰፈሩ አዛውንት ሸህ ይመር፣ ሦስተኛው ደግሞ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ። ግን ገንዘብ ያዡን ወባ ጥሎታል። ሐጂ ጢሜን ትኩር ብለው አዩና «ዶክተር፣ ሞያዎ ድርድር አይደል?» አሉኝ።

«ነው።»

«ሽበትም አለዎት። ይነሱ።»

እነሆ በመጨረሻ ሥራ ተገኘ! በዩኒቨርሲቲው መመሪያ መሠረት ጥናት ያልሆነ፣ ንጹሕ ሥራ። ሰይድ ሞተር አስነሳ፣ ሐጂ፣ ሸህ ይመርና እኔ ጋቢናው ውስጥ ተጠጋግተን ገባን። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ድረስ ስለ ድርድር ንድፈ ሐሳብ አስረዳኋቸው። ስለ መጀመሪያው ዋጋ፣ ስለ መሐል ሜዳ፣ በተለይ ስለ ዝምታ። ሐጂ መንገድ ላይ ደጋግመው «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አሉ። «ይቅርታ ሐጂ፣ ይቺን ልጨርስና» እላቸዋለሁ። ሸህ ይመር በመስኮት የማሽላ ማሳ እያዩ ነበር። ጀውሃ ስንደርስ እኔም ጨረስኩ።

ሰይድ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ እኛ ገባን። ጋሽ ሙሄ በረንዳቸው ላይ በክብር ተቀበሉን። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ላባቸውን በፎጣ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። ሐጂ አንገታቸውን ሰብረው ተናገሩ። እንዴት አድርገው! ስለ ጉርብትና፣ ስለ አባቶቻቸው፣ ስለ ሰይድ ጨዋነት ሲናገሩ እኔ ራሴ ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለሰይድ እድራት ነበር። ጋሽ ሙሄ እስከ መጨረሻው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላህ ያክብራችሁ። ልጅቷ ግን ገና ናት» አሉ።

ልጅቷ ጤና ጣቢያ ተቀጥራ የአገሩን ሰው ሁሉ መርፌ ትወጋለች፤ ግን ገና ናት።

ከዚያ ዝም ተባለ። በዚህ መሐል ራሷ ዘይነብ አንገቷን ደፍታ መጣች፤ ትሪ ላይ ጆግና ብርጭቆዎች። ውሃው ከምግብ ቤቱ ፍሪጅ የወጣ ስለሆነ ጆጉ በላብ ተጠምቋል። ቀድታ ፊታችን አስቀመጠች። ሐጂ አላዩትም። ሸህ ይመር የማንጎውን ዛፍ ያያሉ። እኔ ብርጭቆዋን አየሁ። አንዲት የውሃ ጠብታ ከብርጭቆዋ አፍ ተነስታ ቀስ እያለች ወረደች፤ እኔም በዓይኔ አብሬያት ወረድኩ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል።

ጥማት ብቻ ቢሆን ኖሮ እግዜር ያውቃል እችለው ነበር። የጎዳኝ ትምህርቴ ነው። ይህ ዝምታ፣ አልኩ በልቤ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ የጻፍኩት ዝምታ ነው። ድርድሩ ቆሟል፤ ዝምታው ሲረዝም በጎ ፈቃድ ቀድሞ ያሳየ ወገን ያሸንፋል። በጎ ፈቃድ ደግሞ ይኸው ፊቴ ተቀድቶ ተቀምጧል።

አነሳሁና ጠጣሁ። ጭልጥ። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ዝምታው ስላልተሰበረ የሸህ ይመርንም ደገምኩ። ከዚያ ባለቤቱን ለማስደሰት ጮክ ብዬ «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘይነብ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ትሪዋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። የጋሽ ሙሄ ፎጣ ግንባራቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብለው ተነሱ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ደስታ አልነበረም።

«እንግዲህ ከተስማማችሁ… አላህ ይስጥልን» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

አሸነፍን መስሎኝ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።

ሰይድ ሲያየን ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ሐጂ «ዶክተር ጠጡ» አሉት።

«ምን ጠጡ?»

«ውሃ።»

ሰይድ ተመልሶ ገባ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፣ ጥሩምባው ጮኸ። መንገድ ዳር የቆሙ ከባድ መኪኖች የጠራቸው መስሏቸው መለሱለት። ያ ሁሉ ጩኸት ጋብ ሲል ነው ሐጂ ያስረዱኝ።

«በእኛ አገር ሽማግሌ ሆኖ የገባ ሰው ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት የዚያን ቤት ውሃ አይቀምስም። መጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ ‹ገና ናት› ነው የሚባለው። እኛ ሳንቀምስ እንነሳለን፣ ቀጠሮ ይሰጡናል፣ እንመለሳለን። የቀመስን ለታ ግን በሰማነው መልስ ተስማምተናል ማለት ነው፤ ጉዳዩ ተዘጋ።»

«ታዲያ ሐጂ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች አስነገሩኝ?»

ውሃ ሆንኩ። ይባስ ብሎ፣ ጋሽ ሙሄም ልባቸው ከሰይድ ጋር እንደነበር ሸህ ይመር ነገሩኝ። ግን ምን ያድርጉ! «ገና ናት» ብለው፣ በቃላቸው ላይ ውሃ ተጠጥቶበት፣ «ኧረ ቆዩ፣ ደርሳለች» እያሉ ቢከተሉን አገሩ ምን ይላቸዋል? ሁለቱ ይዋደዳሉ፣ ሁለቱም ቤት ይፈልጋል፣ መሐል ላይ እኔ ከነጥማቴ ተጋርጫለሁ።

ማክሰኞ ጋሽ ሙሄጋ ደወልኩ። «ጋሽ ሙሄ፣ እኔ ጠምቶኝ እንጂ ተስማምቼ አይደለም የጠጣሁት» አልኳቸው። «ሽማግሌ ይጠማዋል እንዴ?» አሉኝ፤ እውነትም ግራ ገብቷቸው ነው። ስልኩን ዘግቼ ሳስብ ዋልኩ። ሰይድ በዚያ ቀን አልተቆጣኝም። እንደወትሮው ራቴን አምጥቶ ሰጠኝና ሳይበላ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የጠጣሁትን ብመልስስ? አንድ እሽግ የታሸገ ውሃ ገዛሁ፣ ተሸከምኩ፣ ሚኒባስ ይዤ ጀውሃ ሄድኩ። ጋሽ ሙሄ ምግብ ቤቱ ውስጥ ቆመው ያስተናግዳሉ፤ የአገሩ ሹፌር ሁሉ ተቀምጦ ይበላል። እሽጉን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

«ምንድነው ይሄ?» አሉኝ።

«የጠጣሁት ነው። መልሻለሁ። እንዳልጠጣሁ ይቆጠርልኝ።»

ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ጋሽ ሙሄ እሽጉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ደግሞ እሽጉን አዩት። «በሕይወቴ ውሃ ሸጬ አላውቅም» አሉና ጓዳ ገቡ። እኔ ሚኒባስ ይዤ ሸዋ ሮቢት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ የሐጂ እንድሪስ ቤት ከጋሽ ሙሄ ቤት የቀመሰውን ውሃ ሳይቀር መለሰ፣ ተቆራረጡ ተባለ። ሐጂ ቢሮ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስደርስ ቬንቲሌተሩን አጥፍተው ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት ሸህ ይመር ቢሮ መጡ። እኚህ ሰው ከሰኞ ጀምሮ ሲያስቡ ነው የከረሙት። ወንበር ስበው ፊቴ ተቀመጡና ጥያቄ ጀመሩ።

«ዶክተር፣ ሚስት አለችዎት?»

«የለችኝም።»

«ልጅ?»

«የለኝም።»

«የራስዎ ቤት?»

«ዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ሰጥቶኛል። ከሌላ ልጅ ጋር ነኝ፤ ተደራራቢ አልጋ ነው። እኔ ላይኛው ላይ ነኝ።»

ሸህ ይመር ጠጋ አሉኝ። «ሥራዎስ በትክክል ምንድነው?»

ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ስሸሸው ኖሬያለሁ። ሐጂም ጆሯቸውን ጣል አድርገው ይሰማሉ። «ተማሪ ነኝ» አልኩ።

«ዶክተር አይደሉም እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«አይደለሁም። ገና ነኝ።»

ሸህ ይመር ጭናቸውን መቱ። «ገና ነው! ሰማኸኝ ሐጂ? ገና ነው! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ተማሪ ቤት አልጋ ላይ የሚያድር። ይሄማ ልጅ ነው! ልጅ ውሃ ቢጠጣ ምን አለበት?» ሐጂ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። ሁለቱ ተቃቀፉ። አለመጨረሴን ሰምቶ ደስ ያለው ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ነው ተብሎ ሊመሰከርብኝ ነው። መስኮቱን ሳይ ግን ሰይድ ከአይሱዙው ጎን ቁጢጥ ብሎ መሬት ይጭራል። «እንሂድ» አልኩ።

ጋሽ ሙሄ ክርክሩን ሲሰሙ ዓይናቸው ፈካ፤ ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «እኔ አምናለሁ። አገሩ እንዲያምን ግን ምስክር ያስፈልጋል» አሉና ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሰበሰቡ። አንድ ሹፌር ጢሜን እያየ «ሽበታም ተማሪ የት አገር አለ?» አለ። የተማሪነት መታወቂያዬን አወጣሁ፤ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። «ይኸው ጨርሷል!» ተባለ። ሰይድ ፊቱ ጠቆረ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ስልኬን አወጣሁ፣ ስፒከር ላይ አደረግሁና አማካሪዬጋ ደወልኩ። አማካሪዬ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ በሁሉም ነገር ግን የምትበልጠኝ ሴት ናት። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«አንተ ልጅ፣ የት ነው የጠፋኸው? ምዕራፍ ሦስት የት አለ? በሳምንት ውስጥ እልካለሁ ብለኸኝ ስንት ወር ሆነህ? ስለ ዝምታ ጻፍ አልኩህ እንጂ ዝም በል አልኩህ?»

ምግብ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ማነው የሚስቀው? የት ነው ያለኸው?» አለች።

ጋሽ ሙሄ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እትዬ፣ ሰላም ለርስዎ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን፤ ይሄ ሰውዬ ተማሪ ነው?»

«ተማሪ ነው ወይ? ወንድሜ፣ እኔ ሳልቀጠር ተማሪ ነበር፣ እኔ ጡረታ ስወጣም ተማሪ ነው የሚሆነው። ምን አጠፋ?»

«ኧረ ምንም አላጠፋ!» አሉ ጋሽ ሙሄ፤ እንባቸውን በፎጣ እየጠረጉ። «ውሃ ጠጥቶ ነው።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሰማችሁ? ውሃውን የጠጣው ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ አልቀመሱም። ጉዳዩ እንዳለ አለ። ሐጂ፣ ሸህ ይመር፣ ግቡ።»

እኔን «አንተ ውጭ ጠብቅ» አሉኝ። ሰኞ አንቱ ነበርኩ።

ጋቢናው ውስጥ ከሰይድ ጎን ተቀመጥኩ። በመስታወቱ በረንዳው ይታያል። ሐጂ ይናገራሉ፣ ጋሽ ሙሄ ይሰማሉ። ዘይነብ ጆጉን አምጥታ ቀዳች፤ ብርጭቆዎቹ ተቀመጡ። ማንም አልነካቸውም። ሰይድ መሪውን ይዟል፤ መኪናው አልተነሳም፣ እሱ ግን ይነዳል። ጋሽ ሙሄ አንድ ነገር አሉ። ሐጂ ሸህ ይመርን አዩዋቸው። ከዚያ ሸህ ይመር ያቺን ቀዝቃዛ ብርጭቆ አነሱ፣ «ቢስሚላህ» ሲሉ ከንፈራቸው ይታያል፣ ጠጡ። እስከ ታች ጠጡ።

ሰይድ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ጥሩምባው ጮኸ፤ ጀውሃ ላይ የቆመ ከባድ መኪና ሁሉ መለሰለት። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። የዓመታት ተማሪነቴ ለአንድ ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ትንሽ ቆይቶ ዘይነብ ወደ መኪናው መጣች። ሁለት ብርጭቆ ይዛለች። አንዱን በመስኮት ለሰይድ ሰጠችው፤ እሱ መጠጣቱን ረስቶ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ሌላውን ወደ እኔ ዘረጋች። «ጠጡ፣ የእርስዎ አይቆጠርም» አለችኝ፤ ትስቃለች።

ዓርብ የማጀቴ ሽማግሌዎች መጡ። ልጅቷ እንደተያዘች ተነገራቸው፣ ውሃቸውን ጠጥተው በሰላም ተመለሱ። ሠርጉ ለመጪው የማሾ ምርት ተቀጠረ። የልምምድ ጊዜዬ አልቆ ስሰናበት ሐጂ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ስለ ሥራዬ ለዩኒቨርሲቲው ጥሩ ምስክርነት እንደሚሰጡ ቃል ገቡልኝ፤ ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«አደራህን ልጄ፣ እስከ ሠርጉ ድረስ እንዳትጨርስ። ከጨረስክ ውሃው ይቆጠርብናል።»

አፌን ሞልቼ ቃል ገባሁላቸው። አሁን ማሾው ደርሷል፣ ሠርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ምዕራፍ ሦስትም የነበረበት ቦታ ነው። እስከ ዛሬ ከሰጠኋቸው ቀጠሮዎች ሁሉ ሳላዛንፍ ያከበርኩት ይህን ብቻ ነው።